የማሬ ፓምፕና የእኔ ስውር ኪስ

ሰው ልብሱ ሲጠበው ወይም ዚፑ ሲበላሽበት ወደ እኔ ይመጣል፤ ልብስ ሰፊ ነኝና። ልጁ ስትታመምበት ግን የትም መሄድ አያስፈልገውም፤ ሁሉም ራሱ ይመጣለታል። ጎረቤት ይመጣል፣ ዘመድ ይመጣል፣ ሰላም ብሎት የማያውቅ ባለሱቅ ሳይቀር ይመጣል። ታዝባችሁ ከሆነ እኛ አገር ሱሪ ለማሳጠር ሙያ የተማረ ሰው ይፈለጋል፤ የሰው በሽታ ለማወቅ ግን ቆም ብሎ ማየት ይበቃል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የስፌት መኪና ስረግጥ ኖሬ ዛሬም የኮት እጅጌ ስገጥም ሁለት ሦስቴ እለካለሁ። ጎረቤቴ ግን የልጄን ጉበት ከአጥር ማዶ ሆኖ ይመረምራል!

አይ፣ ለማማረር አይደለም የተነሳሁት። ለማመስገን ነው። ግን ምን ላድርግ፣ እኔ ሳመሰግንም የተቆጣሁ እመስላለሁ። ሚስቴ በላይነሽ "አንተ እኮ ምርቃትህ ሳይቀር ያስደነግጣል" ትለኛለች። እሷ የደጋው የሙጃ ልጅ ናት፣ ብርድ ያረጋጋው ሰው ናት፤ እኔን ደግሞ የላሊበላ ጠጠር መንገድ ነው ያሳደገኝ። እንግዲህ ድምፄ ከፍ ሲል ምስጋናው እየበረታ ነው ብላችሁ ያዙልኝ።

ልጃችን ማሬ ትባላለች። ስሟን ያወጣችላት እናቷ ናት፤ የስኳር በሽታ ነው ያለን ደግሞ ሐኪሙ ነው። ሁለቱ ተማክረው አይደለም። ልጅቱ ገና ፊደል ቆጥራ ሳትጨርስ ውሃ አላረካት አለ፣ ሰውነቷ በቁሙ አለቀ፣ የሰፋሁላት ቀሚስ በየሳምንቱ እየሰፋ ሄደ። እኔ ስፌቱን ስጠራጠር ከረምኩ! ኋላ ደሴ ወስደናት ነው ነገሩ የታወቀው። ከዚያ ወዲህ ጧት መርፌ፣ ማታ መርፌ፣ በመሀልም ጣት መውጋት ሆነ ኑሯችን። መድኃኒቱን እርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀበረ ማሰሮ ነበር የምናቀዘቅዘው፤ ማቀዝቀዣ ቢኖረንስ መብራቱ ከየት ይመጣል?

መርፌውን ለመድነው። ያልለመድነው ሌላው ነገር ነው። መድኃኒቱ ትንሽ ከበዛ፣ ወይም ምግቡ ትንሽ ከዘገየ፣ ስኳሯ ይወርድና ልጅቱ ላብ በላብ ትሆናለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ከዚያ ትወድቃለች። ያን ጊዜ የሚያድናት ምን መሰላችሁ? ስኳር! የስኳር በሽተኛን ስኳር ሲያድናት! ይህን ለሰው ማስረዳት አበሳ ነው። አንዱን ብታስረዳው ለሌላው ገልብጦ ይነግረዋል፤ ሌላው ጭራሽ "ልጁን በስኳር ሊገድላት ነው" ብሎ ለሽማግሌ ይከስሳል።

አንድ ቅዳሜ እናቷ ጨው ግዢልኝ ብላ ገበያ ልካት እህል ተራው መሀል ወደቀች። እኔ ከገበያው ጠርዝ ሱቄ ውስጥ መኪናዬን እየረገጥኩ ነው፤ አልሰማሁም። ሴቶቹ ተሰበሰቡ። አንዷ "ቡዳ ነው!" አለች፤ በቃ፣ ቡዳ ሆነ። አንዷ ድንገተኛ የሚባለውን ሥር ፍለጋ ቋጠሮዋን ታራግፋለች፣ አንዷ አሮጌ ጨርቅ ለኩሳ ከልጄ አፍንጫ ሥር ታጨሳለች፣ የቀሩት ደግሞ ከበው "ማን በላሽ? ተናገሪ፣ ማን ነው የበላሽ?" እያሉ ያፋጥጧታል። ልጄ በዚያ በደከመ አንደበቷ ምን ብትል ጥሩ ነው? "አባዬ" አለች።

ድረስልኝ ማለቷ ነው እንጂ! ማን ይስማት? የበላት ሰው ተገኘ። ለዚያውም እኔ ባለ እጅ ነኝ፣ መርፌና መቀስ ይዤ የምውል፤ ማስረጃው ሞልቶ ፈሰሰ ማለት ነው። ሱቄን ወረሩት። ሜትሬ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ አንጠልጥለው ወሰዱኝና "እንትፍ በልባት! አሁኑኑ እንትፍ በልባት!" አሉ። ብመለከት ልጄ ናት። ክርክር የሚያዋጣ ሰዓት አልነበረም፤ እንትፍ እንትፍ አልኩና ከኪሴ የማይጠፋውን ስኳር በውሃ አርጥቤ ከንፈሯ ውስጥ አሸሁላት። ጥቂት ቆይታ ዐይኗን ገለጠች። ገበያው እልል አለ። ለማን? ለስኳሩ መሰላችሁ? ለምራቄ!

ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጅ ያዘሉ ሴቶች በሱቄ በር ሲያልፉ የልጁን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ጀመር። ልብስ ማሰፋቱን ግን አልተዉም። ቡዳም ቢሆን ቅዱ ያምራል ብለው ይሆናል።

እኔ ስቄ አሳለፍኩት፤ ማሬ ግን አልሳቀችም። ትምህርት ቤት "ቡዳ የበላት" የሚል ስም ወጣላት። ከሰው ፊት ጣቷን መውጋት ተወች፣ ራበኝ ማለት ተወች፣ ስኳር ቋጥሬ ስሰጣት መንገድ ላይ ትደፋዋለች። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። እኔና እናቷ አንድ ፍርሃት ብቻ ነበረን፤ አንድ ቀን እኛ በሌለንበት ትወድቅና፣ ሰው ከቧት፣ ጨርቅ እየጨሰባት፣ አንድ ማንኪያ ስኳር የሚሰጣት አጥታ ትሞትብናለች። በላይነሽ ሌሊት እየተነሳች ግንባሯን ትዳስሳለች፤ እኔ ቀን ቀን በእያንዳንዱ ጩኸት መኪናዬን አቆማለሁ። እንዲህ ሆነን ነው ሐና የመጣችብን።

ሐና ፈረንጅ ናት። ስሟ ግን እንደምታዩት የእኛ ሰው ስም ነው፤ ማኅበር ለመግባት የቀራት ጠላ መቅመስ ብቻ ነበር። ሱቄ መጥታ የሐበሻ ቀሚስ ላሰፋ አለችኝ። እኔ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ያለውን የሰው አካል በእንግሊዝኛ አውቃለሁ፤ ከዚያ ውጭ አላውቅም። ልለካት ተነሳሁ። ሱቁ ውስጥ ሱሪ የሚያስጠብብ አንድ ደንበኛ ነበርና ከእሱ ጋር የልቤን እየተጫወትኩ ነው የምለካው። ዘመኑ አንድ ለአምስት የተደራጀንበት ነው። ከአምስቱ መሀል የትኛው ለማን እንደሚያወራ ስለማይታወቅ፣ ሰው ልቡን የሚያወራው አማርኛ የማይሰማ ፈረንጅ ሲያገኝ ነው። እኔም የስብሰባውን ብዛት፣ የመብራቱን መጥፋት፣ የቀበሌውን ሊቀ መንበር የንግግር ርዝመት አንድ በአንድ እያነሳሁ ሳለ ሜትሬ ወገቧ ላይ ደረሰ። ከሸሚዟ ሥር የሆነ ጠንካራ ነገር ነካሁ። ሳጥን ነው። ከሳጥኑ ደግሞ ሽቦ ወጥቷል!

ጆሮ ጠቢ በቀበሌ በኩል ሲደርሰን ኖሯል፤ በፈረንጅ ወገብ ሲመጣ ግን አላየንም። እየቀዳችኝ ነው! የልጄ እናት ፊት ትዝ አለኝ። ምን አማራጭ አለኝ? ጎንበስ ብዬ አፌን ወደ ወገቧ አስጠጋሁና፣ በደንብ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "መብራቱ ጠፋ ማለቴ፣ ሲመጣ ደስታው እንዲበዛልን ታስቦ ነው! ስብሰባውም እንዲያውም አንሶናል! ሊቀ መንበራችን ቢናገሩ አይጠገቡም! ልማቱ እየተፋጠነ ነው!" አልኩ። ደንበኛው ሱሪውን ትቶ ወጣ። ሐና ከወገቧ ጋር ንግግር የገጠመውን ልብስ ሰፊ ቁልቁል ትመለከታለች። ያን ጊዜ ሳጥኑ ራሱ "ጢጥ!" አለ። መልእክቱ ደረሰ ማለት ነው ብዬ እጄን አጣምሬ ቆምኩ።

ሐና ሳቀች። የሸሚዟን ጫፍ ገለጥ አድርጋ ሳጥኑን አሳየችኝ፤ የስልክ ያህል ነው። ሽቦ ያልኩት ለካ ቀጭን ቱቦ ኖሯል። ሆዷ ላይ ከተለጠፈች ክብ ፕላስተር ሥር ይገባል። ከዚያ አንድ ቃል ተናገረች፣ "ዳያቤቲስ" አለች። ከቁርጭምጭሚት በላይም በታችም ባይሆን ያን ቃል አውቀዋለሁ። ደሴ የማሬ ካርድ ላይ ተጽፎ አይቼዋለሁ፣ ሐኪሙ ሲጠራው ሰምቼዋለሁ። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ሐና ምን እንዳጠፋች አታውቅም፤ ሳጥኑን ያየ ሰው ሁሉ አያለቅስማ።

ሮጬ ማሬን ከትምህርት ቤት አመጣኋት። ማሬ እንግሊዝኛውን ከትምህርት ቤትም ከቱሪስትም ለቃቅማ ከእኔ ትሻላለች። ሁለቱ ብዙም አላወሩም። ሐና ጣቷን ዘርግታ አሳየቻት፤ ማሬም የራሷን ዘረጋች። የሁለቱም ጣት ጫፍ በመርፌ የተነቀሰ ነው። አንዷ ነጭ አንዷ ጠይም ከመሆናቸው በቀር አንድ ሰፊ የሰፋው ነው የሚመስለው። ልጄ ከእሷ ሌላ እንዲህ ያለ ጣት ያለው ሰው አይታ አታውቅም ነበር። ልትለካ የመጣችው ሴት ሳትለካ ዋለች።

ሐና ለካ አገሯ ውስጥ የስኳር ሕመም ያለባቸውን ልጆች የምታስተምር ነርስ ኖራለች። ነገሩን በማሬ አፍ አስረዳችን። ያ ሳጥን ፓምፕ ይባላል፤ ኢንሱሊኑን ቀኑንም ሌሊቱንም ጠብ ጠብ እያደረገ ይሰጣል፣ ምግብ ሲበላ ደግሞ ቁልፍ ተጭነው ይጨምሩታል። አያድንም፣ ጣት መውጋቱንም አያስቀርም፤ ግን መርፌውን ይቀንሳል፣ ልኩንም ያሳምራል። ወዳጆቿን አስተባብራ አንድ ልታመጣልን ቃል ገባች። አንድ ብቻ። ሁለት ዓይነት ስላለ ምረጡ አለችን። አንዱን ከመረጣችሁ በኋላ ልቀይር ማለት የለም፤ የአንዱ ዕቃ ለሌላው አይሆንምና። የሁለቱን ሥዕል ትታልን ሄደች።

እንግዲህ ስለ ምርጫ ካነሳን፣ በዚያ ዘመን ምርጫ ሲባል ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነበር። ቤታችን ውስጥ የተደረገው ግን እውነተኛ ምርጫ ነው፤ ክርክር ነበረበት! አንዱ ፓምፕ እንደ ሐና ባለ ቱቦ ነው፤ ሳጥኑ ወገብ ላይ ይታሰራል፣ የሚሠራውም በባትሪ ድንጋይ ነው። ሌላው ቱቦ የለውም፤ ሙሉው ዕቃ እንደ ፕላስተር ገላ ላይ ይለጠፋል፣ ጥቂት ቀን ሠርቶ ይነቀልና ይጣላል፣ ሌላ ይለጠፋል።

በላይነሽ የሚለጠፈውን ደገፈች። "ቱቦው የበር መወርወሪያ ቢይዘውስ? ጥጃ ሲጎትታትስ? ይህች ልጅ እኮ አጥር ሳትዘል ቤት አትገባም" አለች። ያላለችው ነገር የለም፣ ሁሉም እውነት ነው። እኔ ባለ ቱቦውን ደገፍኩ። ባትሪ ድንጋይ የትም ሱቅ አለ፤ የሚጣለው ግን በየጥቂት ቀኑ ከባሕር ማዶ ይምጣ ነው፣ አንድ ጊዜ መንገዱ ቢዘጋ ምን ሊኮን ነው? አልኩ። ይህም እውነት ነው። ግን እናንተን ምን ልዋሻችሁ፣ የወደድኩት ኪስ ስለሚያስፈልገው ነው። ሳጥኑን ሰው እንዳያየው አድርጌ የምሰፋው ስውር ኪስ በዐይኔ መጣብኝ። ለሚለጠፈው ዕቃ አባት ምን ያደርግለታል? ቆሞ ማየት ነው።

የአንድ ለአምስቱ ጎረቤቶቻችንም ሰምተው መጡ፤ አልኳችሁ እኮ፣ ራሳቸው ይመጣሉ። አንዱ ሥዕሎቹን ከቀኝም ከግራም አይቶ "ከተላከ አይቀር ትልቁን አስልክ" አለኝ። ሌላው ራዲዮ እንዳለው ጠየቀ። አንዷ "ፈረንጅ በነጻ የሚሰጠው ነገር ይጣራ" ብላ አስጠነቀቀችን። እኔ በነጻ፣ ሳይጣራ የሰፋሁላትን ቀሚስ ለብሳ ነው የመጣችው።

በላይነሽን ሌላ ነገር ያሳስባት ነበር። የሚደማ ሰው ቤተ ክርስቲያን አይገባም። ታዲያ ገላዋ ላይ መርፌ ተሰክቶ የሚውል ልጅ እንዴት ትሳለማለች? እንዴት ትቆርባለች? የነፍስ አባታችን መምሬ ካሳ ከገነተ ማርያም ለቅዳሜ ገበያ ሲመጡ ቤት ጠርተን ሥዕሎቹን ዘረጋንላቸው። ቱቦው ይህ ነው አባታችን፣ ፕላስተሩ ይህ ነው ብለን በሰፊው አብራራን። መምሬ ሰምተው ሰምተው "ደም ይፈሳል?" አሉ። አይፈስም፣ ቀጭን ነገር ናት፣ ቆዳ ሥር ገብታ ትቀመጣለች አልናቸው። "እግዚአብሔር የሰጣት እስትንፋስ እንዳይወጣ የሚጠብቅ ነገር ከሆነማ ይዛው ትግባ፤ እኔ ራሴ ነኝ የማቆርባት" አሉ። በላይነሽ ጉልበታቸውን ሳመች። ከዚያ መምሬ ዞር ዞር ብለው አዩና፣ "ለመሆኑ የሚታጠቀው ማን ነው? አንተ ነህ? አንቺ ነሽ? ልጅቱን ጠይቃችኋታል?" አሉን።

አልጠየቅናትም። ጎረቤቱን ሁሉ ጠይቀናል፣ እሷን ግን አልጠየቅንም። ተጠራችና መጣች። ሥዕሎቹን ደህና አድርጋ አየች። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ "ሰው የሚያየው የትኛውን ነው?" አለች። እናቷ ተንሰፈሰፈች። ቱቦ ያለው ይታያል ልጄ፣ የሚለጠፈው ከልብስ ሥር ነው፣ አለቻት። እኔም ቸኩዬ፣ የሚታየውንም ቢሆን አባትሽ ይደብቅልሻል፣ ዝንብ አያየውም! አልኩ። ማሬ ጥቂት አሰበችና "እንግዲያው ቱቦ ያለው ይሁንልኝ" አለች። ምርጫውን አሸነፍኩ። መምሬ ሲባርኩን እኔ በሐሳቤ ጨርቅ እየቀደድኩ ነበር።

ሐና ክረምቱ ሲወጣ ራሷ ይዛው መጣች። አብረን ደሴ ሄድን። የማሬ ሐኪም ከሐና ጋር ተቀምጦ የመድኃኒቱን ልክ ሠራ፣ ደጋግሞም አስተካከለ። ሐናም ማሬን፣ ማሬም እናቷን አስተማረች። እኔንም አስተምረውኛል፤ ግን ዐይኔ ሳጥኑ ላይ ነበር፣ ልኩን በስንዝሬ ስወስድ ነበር። ላሊበላ ስንመለስ ሦስት ቀሚስ ጨረስኩላት። ኪሱ ከጥልፉ ሥር ነው። ከገበሩ ጋር የተሰፋ፣ ቱቦውን የምታሳልፍ ቀዳዳ ያለችው፣ ቀዳዳዋም በክር የተገመደች። እጅ ካልገባበት በቀር ኪስ መሆኑን የሚያውቅ ሰው የለም። እንደዚያ ያለ ሥራ ለሹምም አልሠራሁ።

ሰኞ ትምህርት ቤት ልትሄድ ስትወጣ ባያት፣ ቀሚሱን ለብሳዋለች። ሳጥኑን ግን ከውጭ መቀነቷ ላይ ሰክታዋለች! ቱቦው ተጠማዞ ይታያል። ጸሐይ ሲያርፍበት ያብለጨልጫል። ልቤ ተሰበረ። ኪሱስ? አልኳት። "ኪሱማ በጣም ጥሩ ነው አባዬ፣ ከረሜላ አስቀምጬበታለሁ" አለችኝ። ታዲያ ሳጥኑን ለምን አወጣሽው፣ ሰው ያየው የለ? ስላት፣ "እንዲያዩት ነዋ! ካላዩት ቡዳ ነው ይላሉ። ካዩት ስኳር ነው ይላሉ። ብወድቅ አንተ የለህማ" አለችኝና ደብተሯን አንስታ ሄደች።

እኔ ወደ መኪናዬ ተመለስኩ። ከሌሎቹ ከሁለቱ ቀሚሶች ላይ ኪሱን ፈታሁና ከውጭ ሰፋሁት። ከውጭ ከሆነ አይቀር ብዬ ዙሪያውን በቀይና በአረንጓዴ ጠለፍኩት፣ ከሩቅ እንዲታይ።

እንዳለችውም ሆነ። አንድ ቅዳሜ ያችው እህል ተራ ላይ ስኳሯ ወረደ፤ ተንገዳገደች። ያችው ጨርቅ ያጨሰችባት ሴትዮ፣ ሳጥኑን ስታይ "የስኳሯ ልጅ ናት! ስኳር አምጡ!" ብላ ጮኸች፤ የሰው ቋጠሮ ነጥቃም አቀመሰቻት። እኔ ወሬውን የሰማሁት ማሬ ጨዋታዋን ከጀመረች በኋላ ነው። እንትፍ በል ብሎ የጠራኝ የለም፤ ምራቄ ሥራ ፈታ። ለዚያች ሴትዮ ነጠላ በነጻ ዘምዝሜላታለሁ፣ ዕድሜ ይስጣት። ለሐናም፣ ለሐኪሙም፣ ለመምሬም፣ ለመንገደኛው ሁሉ ዕድሜ ይስጥልኝ። አዎ፣ መንገደኛው! የፓምፑ ዕቃ የሚመጣው በቱሪስት ሻንጣ ነው፤ ሐና በመጣው ሁሉ እጅ ትልካለች። ሌላው ሰው ቱሪስት ሲያይ ሥራ ይታየዋል፤ እኔ የልጄ ደህና ሌሊት ይታየኛል። በላይነሽም አሁን እስኪነጋ ትተኛለች፤ ታንኮራፋለችም። የዚያን ማንኮራፋት ጣዕም የማውቀው እኔ ነኝ።

ከዚህ በኋላ የመጣውን ግን ማንም አላሰበውም። የማሬ ጓደኞች ስድስት ናቸው። አንዷ የክብሪት ቀፎ በቀጭን ገመድ አስራ ወገቧ ላይ ሰክታ መጣች። በሳምንቱ ስድስቱም ክብሪት ታጠቁ። እናቶቻቸው እየተከታተሉ መጡና ከውጭ የሆነ፣ ቀይና አረንጓዴ የተጠለፈ ኪስ ስፋልን አሉኝ። አንዷ እናት ተማርራ "ኧረ ምን ጉድ ነው አያ ደሳለ! አንቺ ጤነኛ ነሽ እኮ ብላት ቁጭ ብላ አለቀሰች" አለችኝ። እኔስ ምን ልበላት? ሰፋሁ።

ለገና ዕቃ ያመጣልን መንገደኛ ሰባቱን ልጆች አሰልፎ ፎቶ አነሳቸው። አገሩ ሲገባ ለሐና አሳያት። ሰባት ልጆች፣ ሰባት ሳጥን፣ ሰባት ገመድ!

ሐና ደወለች። ልጆቹ ሁሉ ለፋሲካ ቀሚስ ሊለኩ ሱቄን ሞልተውታል፤ ማሬ መጋረጃው ውስጥ ቀሚስ አንገቷ ላይ ተይዞባት ትታገላለች። ስልኩን እኔው አነሳሁ። ሐና ታለቅሳለች። ከምትለው ውስጥ "ሲክስ" የሚለውን ለየሁ፣ "ፓምፕ" የሚለውን ለየሁ። ገባኝ። ስድስቱ ታመው ለምን አልነገርከኝም ማለቷ ነው! ኔትወርኩ ደግሞ ይሄዳል ይመጣል። ሱቁ በር ላይ ወጣሁና ባለ በሌለ ድምፄ፣ "ኖ! ሐና፣ ኖ! ሲክስ፣ ኖ ሹገር! ዋን፣ ሹገር!" አልኩ። አልሰማችም። "ሲክስ፣ ኖ ሹገር! ዋን፣ ሹገር!" ብዬ ደገምኩ። ሦስተኛው ላይ ማሬ በግማሽ ቀሚስ ወጥታ ስልኩን ነጠቀችኝና ነገሩን አስረዳቻት። ሐና ለካ ለስድስቱ ብላ ሰው ደጅ መጥናት ጀምራ ኖሯል። ስትስቅ ከስልኩ ውጭ ተሰማን። የሰበሰበችውን ደሴ ላሉት ሕመምተኛ ልጆች እንደምትልክ ነገረችን። እግዚአብሔር ይስጣት ከማለት ሌላ ምን ይባላል?

ስልኩ ሳይዘጋ እትዬ ዘይነባ በሰፊ ትሪ ሻይ ይዛ ገባች። እትዬ ዘይነባ ከሱቄ ቀጥሎ ለቱሪስት ሻይ የምታፈላ ጎረቤቴ ናት። "ይኸው አያ ደሳለ፣ ስድስቱ ያለ ስኳር፣ አንዱ በስኳር። አንድ ጊዜ ብትለኝ እሰማ የለ፣ ምን ያስጮህሃል!" አለችና እየደረደረች ሄደች።

ስድስቱ ያለ ስኳር ለስድስቱ ጤነኞች ደረሰ። በስኳር የሆነውን ማሬ አነሳችው። እጄ ሳላዘው ሊከለክላት ተዘረጋ፤ ስንት ዓመት ስከለክላት የኖርኩ አባት ነኝ። ማሬ አየችኝና ፈገግ አለች። ሳጥኗን አወጣች፣ ቁልፉን ጢጥ ጢጥ አደረገች፣ ከዚያ ያን ጣፋጭ ሻይ ዐይኗን ጨፍና፣ እያጣጣመች ጠጣችው። እኔ ፊቴን ወደ መኪናዬ አዞርኩ፤ ክር ልሰካ እንጂ ለሌላ አይደለም። ስድስቱ ልጆች መራራውን ሻይ ይዘው ይተያያሉ። በመጨረሻ ትንሿ የክብሪት ቀፎዋን ሁለት ጊዜ ጫን ጫን አደረገችና ብርጭቆዋን ዘረጋች፤ "እትዬ ዘይነባ፣ ለእኔም ስኳር ይጨመርልኝ፤ ተጭኛለሁ" አለች።